በአባባ ኦብሪ መኝታ ቤት ያለችው በግ

የበጎቹን አያያዝ የምትመረምረው ኦዲተር በምትመጣበት ቀን ጠዋት አባባ ኦብሪ ለልጃቸው ለሊኔት የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ዛሬ ሻይ የሚባል ነገር እንዳይፈላ» የሚል ነበር።

ሊኔት ቦት ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየቻቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ሻይ ሳይጠጡ የዋሉበት ቀን ካለ ከእናታቸው ሆድ ገና ያልወጡበት ቀን መሆን አለበት።

«እንግዳ ይመጣል እኮ አባዬ። ሰው ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ መጥቶ ሻይ ሳይቀምስ ይሂድ?»

«ውሃ ትጠጣ። ውሃ ምን ነውር አለበት?»

«ምን ነካህ?»

«ምን ይነካኛል! ጋዝ እንቆጥብ ብዬ ነው።»

ስለ ጋዝ ቁጠባ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። መብራት አጥፍተው የማያውቁ ሰው! ሊኔት ሌላ ቀን ቢሆን ይዛ ትሞግታቸው ነበር። ዛሬ ግን ልቧ በረቱ ውስጥ ካሉት በጎች ጋር ስለነበረ «እሺ፣ እንዳልክ» ብላ ወጣች።

በሚኖሩበት በዋልቻ አውራጃ ሜሪኖ በግ የሚያረባ ሰው ሁሉ አንድ የጋራ ጠላት አለው፤ እሱም ዝንብ ነው። ሜሪኖ ቆዳው የተሸበሸበ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ በግ ነው። ከጭራው ሥር ያለው ሽብሽብ በሽንትና በበጠጥ ይረጥባል፣ ዝንቧ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ ትሉ በጉን በቁሙ ይበላዋል። የድሮ ሰዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። ግልገሉ ገና ትንሽ ሳለ ከጭራው ሥር ያለውን ቆዳ በመቀስ ይቆርጡታል። ቁስሉ ሲድን ቦታው ልሙጥ ይሆናል፣ ጠጉር አያበቅልም፣ ዝንብም አይወደውም። መቁረጡ ግን ሲያዩት አንጀት ይበላል። ሊኔት ልጅ ሳለች ግልገሎቹ የሚቆረጡ ቀን ትራስ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትተኛ ነበር።

እናቷ ኖላ ሞታ፣ አባቷም ደክመው እርሻው በእጇ ሲገባ ሊኔት መቀሱን አስቀመጠች። በምትኩ ቆዳቸው ልሙጥ የሆነ አውራ በጎች ፈልጋ ገዛች፣ ጅረቱ አጠገብ ባለው መስክ ላይ ዓመት ከዓመት እየመረጠች አዳቀለች፣ ሽብሽብ የበዛበትን እየለየች ሸጠች። ጎረቤቷ ራስል በከተማው መጠጥ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማ «ሊኔት እኮ በግ አታረባም፣ የበግ ቆዳ ትተኩሳለች» እያለ ሲያሾፍባት ኖረ። እሷም «አንተ ፊትህን ብትተኩስልን ይሻለን ነበር» እያለች ስትመልስለት ኖረች።

አሁን ድካሟ ፍሬ ሊያፈራ ነው። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ የሹራብ ፋብሪካ ሱፏን ለአምስት ዓመት ሊገዛት ዝግጁ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ እርሻ ላይ አንዲትም በግ እንዳልተቆረጠች ዓለም የሚያውቀው ሰርተፊኬት። ሰርተፊኬቱ ካልተገኘ ግን ሌላ መንገድ የለም፤ ድርቁ አቅሟን ጨርሶታል። ቤቱንና በቤቱ ዙሪያ ያለውን መሬት ሸጣ፣ አባቷን ከተማ የአረጋውያን ቤት አስገብታ፣ እሷ በጅረቱ መስክ ላይ ባለችው ጎጆ ከምርጥ በጎቿ ጋር ልትኖር ነው። ራስል የጅረቱን መስክ እንድትሸጥለት ስንት ጊዜ ጠይቋታል። «ያንንማ ከምሸጥ የምኖርበትን ቤት ብሸጥ ይሻለኛል» ብላዋለች። ይህን ሁሉ አባቷ ያውቃሉ፤ ቁጭ አድርጋ አንድ በአንድ ነግራቸዋለች። እሳቸውም ሰምተው «እንደ ፈቃድሽ» ከማለት በቀር የተናገሩት ነገር አልነበረም።

ኦዲተሯ ጃሲንታ ትባላለች። ከበሩ ላይ መኪናዋን አቁማ፣ የሌላ ሰው በሽታ ይዛ እንዳትገባ ቦት ጫማዋን በመድኃኒት ውሃ አጥባ ስትጨርስ ነው ሰላም ያለቻቸው። አጠር ያለች፣ ፀጉሯን በባርኔጣ ሥር የደበቀች፣ ፊቷ የማይስቅ ግን ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። በአካባቢው የምትታወቀው ምሕረት በሌለው ጥያቄዋ ነው። ራስል ስለ እሷ «የገዛ እናቷንም ብትሆን ሳትፈትሽ አታልፍም» ብሎ ነበር።

«አባባ ኦብሪ እርስዎ ነዎት?» አለች እጇን ዘርግታ።

«ነኝ። ቶሎ ትጨርሻለሽ?»

«አባዬ!» አለች ሊኔት።

«ምን አልኩ? ሥራ ይበዛባት ይሆናል ብዬ እኮ ነው።»

ጃሲንታ ፈገግ አለች። «ሥራ አይበዛብኝም፤ ቀኑን ሙሉ የእናንተው ነኝ።» አባባ ኦብሪ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደወደቀ ማየት ነበር።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ጃሲንታ የመጠጥ ውሃውን አየች፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን አስከፈተች፣ የመሸለቻ ቤቱን ወለል በእጇ ዳሰሰች፣ ውሾቹ የሚተኙበትን ሳይቀር ጎንበስ ብላ ተመለከተች። በመጨረሻ ወደ በረቱ ገቡ። ሊኔት ለማሳየት የተሻሉትን ወደ ፊት ልታመጣ ብትል ጃሲንታ «ተዪ፣ እኔው እመርጣለሁ» አለችና በመንጋው መካከል ገብታ ያገኘቻትን እየያዘች ጭራዋን ማንሳት ጀመረች። አንዷን ለቀቀች፣ ሌላዋን ያዘች፣ ከዚያ ሌላ። ሊኔት አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። አንዲትም የተቆረጠች አልተገኘችም። ልሙጥ፣ ንጹሕ፣ እናት የወለደችው ቆዳ ነው።

«እንዲህ ያሉ በጎች ብዙ አላየሁም» አለች ጃሲንታ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች። «በምን ትዕግሥት ሠራሽው?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ሊኔትን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ነይ፣ ሻይ እንጠጣ» አለች ሊኔት።

ኩሽና ሲገቡ አባባ ኦብሪ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ማሰሮ ቀዝቃዛ ውሃና ሦስት ብርጭቆ ደርድረው አገኟቸው። የፍሬ ኬኩን ደግሞ እንደ ጡብ ወፍራም አድርገው ቆራርጠውታል። ሊኔት በኀፍረት ቀላች። ማንቆርቆሪያውን አንስታ ውሃ ሞላችና ምድጃው ላይ ጣደችው።

«ሙቀት ነው ዛሬ» አሉ አባባ ኦብሪ። «በሙቀት ቀን ሻይ ልብ ያደክማል።»

«እኔ ሻይ በምንም ቀን አልጠላም» አለች ጃሲንታ ወንበር እየሳበች።

«ይኸውልህ» አለች ሊኔት።

አባባ ኦብሪ ማንቆርቆሪያውን እንደ ጠላት አፍጥጠው ያዩታል። ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሊያወርዱት ሞከሩ፤ ሁለቴም ሊኔት በዓይኗ አስቀመጠቻቸው። ውሃው ፈላ። ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ። ይኼኔ ከአባባ ኦብሪ መኝታ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ፣ ረዘም ያለና ናፍቆት ያለበት ድምፅ መጣ፦ «ባ‑ኣ‑ኣ‑ኣ!»

ማንቆርቆሪያው ብቻ ያፏጫል።

«ውሻው ነው» አሉ አባባ ኦብሪ። «ጉንፋን ይዞት ነው።»

ውሻው ግን በጃሲንታ እግር ሥር ተዘርግቶ ተኝቶ ነበር። ጃሲንታ ወደ ታች አየችው፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየች፣ ከንፈሯንም ነከሰች።

ሊኔት ማንቆርቆሪያውን አውርዳ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች። በሩን ስትከፍት ዶት የእናቷ የኖላ ምንጣፍ ላይ ቆማ የመጋረጃውን ጫፍ ታኝካለች። ዶት በጡጦ ያደገች በግ ናት። ያለፈው ጸደይ ሊኔት ዳሌዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የግልገሏ እናት ሞተችና አባባ ኦብሪ ወተት እያሞቁ አሳደጓት። ለዚህ ነው የማንቆርቆሪያ ፉጨት በሰማች ቁጥር የምትጮኸው፤ ወተት የመጣ ይመስላታል። ሊኔት ወደዚህች በግ ብዙም አልተጠጋችም። አባቷ «ዶትን ለእኔ ተዪልኝ» ስላሏት ተወችላቸው። መቼም ሽማግሌ የሚጫወትበት ነገር ያስፈልገዋል ብላ ነው።

ሊኔት ልትስቅ ነበር። አባቷ አፍረው ይሆናል፣ በግ ቤት ውስጥ ማስገባታቸው እንዳይታይባቸው ፈርተው ይሆናል ብላ አሰበች። ከዚያ ዶት መጋረጃውን ትታ ዞረችና ጭራዋን አነሣች።

ከጭራዋ ሥር ያለው ቆዳ ልሙጥ ነው፤ ግን እናት የወለደችው ልሙጥ አይደለም። የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነው። ሊኔት በልጅነቷ ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ አታሳስተውም።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማች፤ አባቷ ተከትለዋት ገብተዋል።

«መቼ ነው?» አለች ሳትዞር።

«አንቺ ሆስፒታል በነበርሽ ጊዜ።»

«ለምን አባዬ? ለምን?»

አባባ ኦብሪ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ክፍል ውስጥ ባርኔጣቸውን ለልጃቸው አወለቁ።

«እናቷን አላየሻትም» አሉ። «ዝናቡ አልቆም ብሎ ነበር። ታች አጥሩ ጥግ ቆማ አገኘኋት። በግ አይጮኽም፣ ታውቂያለሽ። ትል እየበላት ዝም ብላ ቆማ ነበር። ድሮ እንዲህ ያለውን ከሩቅ በጠረኑ አውቀው ነበር። አሁን አፍንጫዬም ዓይኔም እግሬም… ዘገየሁ። እጄ ላይ ሞተች። ይቺ ደግሞ ከሥሯ ጡቷን ትፈልጋለች።» ዶትን በአገጫቸው አመለከቷት። «ልጅቷም እንደ እኔ ፊት የተሸበሸበች። ያንቺ ልሙጥ ዘር አይደለችም፣ የድሮዋ ናት። በዚህ እጄ ወተት እያጠጣኋት፣ አንድ ቀን አጥር ጥግ እንደ እናቷ ቆማ አገኛታለሁ ብዬ ማሰብ አቃተኝ። ማደንዘዣ አድርጌላታለሁ። እንደ ድሮው አይደለም። እያባበልኩ ነው የቆረጥኳት።»

«ብትነግረኝስ?»

«ልነግርሽ ነበር። በክራንች እየተራመድሽ ከመኪናው ስትወርጂ አፌ ተያዘ። ከዚያ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል…»

ሊኔት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንዲት በግ! ከዚያ ሁሉ መንጋ አንዲት የተበላሸች በግ፣ እሷንም ያበላሻት ፍቅር። ሰርተፊኬቱ ደግሞ ጥቂት ቢቆረጡ ምን አለበት አይልም። አንዲትም አትኑር ነው የሚለው።

አባባ ኦብሪ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኦዲተሯ የዶትን ጭራ አላየችም እኮ። በጓሮ በር አወጣታለሁ። ራስል ጋር ትውላለች። ወይም…» እጃቸው የዶት ራስ ላይ ነበር፤ ጣቶቻቸው በጆሮዎቿ መካከል ያለውን ጠጉር ያፍተለትላሉ። «ወይም ዛሬውኑ አርዳታለሁ። ያኔ ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።»

ሊኔት ቀና አለች። አባቷ የሚሉትን የምር እንደሚያደርጉት አወቀች። ይህችን በግ እንዳትሞት ብለው የቆረጡ ሰው፣ ለልጃቸው ሲሉ ሊያርዷት ነው። በአባቷ ላይ ተናዳለች፣ በጣም ተናዳለች፤ ግን ንዴቱ ውስጥ ሆና ልታቅፋቸውም ፈለገች።

«ዝም በል» አለቻቸው። «እዚሁ ቁጭ በል። እንዳትወጣ።»

ወደ ኩሽና ስትመለስ ምን እንደምትናገር አላወቀችም ነበር። ጃሲንታ ሻዩን ራሷ ቀድታ ኬኩን ጀምራዋለች።

«ውሻው እንዴት ነው?» አለች።

«የአባቴ በግ ናት» አለች ሊኔት። አፏ ከሐሳቧ ቀድሟት ሄደ። «በጡጦ ያሳደጋት ናት። መኝታ ቤቱ ያስገባታል፣ አንቺ እንዳታዪበት አፍሮ ነው።»

ጃሲንታ ሳቀች። «እኛም ቤት አንዷ ነበረች። አባቴ ሬዲዮ ሲሰማ ሶፋው ላይ ትወጣ ነበር። ለመሆኑ ከመንጋው የተወለደች ናት?»

«አዎ።»

«አልተቆረጠችም?»

«እንደ ሌሎቹ ናት።»

ሊኔት በዕድሜዋ ዋሽታ አታውቅም አልልም። ለራስል ዋሽታለች፣ ለባንኩ ዋሽታለች፣ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ደህና ነኝ ብላ ለአገሩ ሁሉ ዋሽታለች። በሱፏ ግን ዋሽታ አታውቅም። ያቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ የሆነ ነገር አብሮ የወጣ መሰላት። የማታውቃት ሴት በማታውቀው ከተማ ሹራብ አንስታ፣ በሹራቡ አንገት ላይ ያለውን ምልክት አንብባ፣ ያንን አምና ሹራቡን ስትለብስ በዓይኗ መጣባት። ኬኩን አንስታ ነከሰች፤ መዋጥ ግን አልቻለችም።

ጃሲንታ ተነሥታ ማየት ነበረባት። ሥራዋ ነው። ግን ጠዋቱን ሙሉ ያየችው ነገር ልቧን አሳምኖታል፤ ሰው ናትና አመነች። «እንግዲያው ያለቀልን ይመስለኛል» አለችና ስኒዋን ወደ ጎን ገፋች።

ይኼኔ በኮሪደሩ ጣውላ ላይ ኮቴ ተሰማ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አባባ ኦብሪ ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የሚያስሩትን ክራባት ከዶት አንገት ላይ አስረው እየጎተቱ ብቅ አሉ። ዶት ሰው ስለማትፈራ በቀጥታ ወደ ጃሲንታ ሄዳ ጉልበቷን አሸተተች።

«አባዬ፣ እንዳትወጣ ብዬሃለሁ!»

«ግድግዳው ስስ ነው ሊኔት። ሰማሁሽ» አሉ አባባ ኦብሪ። ከዚያ ወደ ጃሲንታ ዞሩ። ወገባቸው ቀጥ ብሏል። «ጭራዋን አንሺ ልጄ። አንሺና እዪ። የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም ነበር። ያወቀችው አሁን ነው፤ የዋሸችሽም አሁን ነው። ለእኔ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ልጄን ውሸታም አድርጌ የምኖርበት ቤት አልፈልግም። የእኔን ጻፊ፣ የእሷን ተዪላት።»



«ሁለቱንም ጻፊ» አለች ሊኔት። «ዋሽቼሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጃሲንታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የዶትን ጭራ ቀስ ብላ አነሣች፣ ጠባሳውን አየች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ስትነሣ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር።

«በደንብ ድኗል» አለች። «ማደንዘዣ ሰጥተዋታል?»

«ሰጥቻታለሁ።»

«ያስታውቃል።» ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «አባባ ኦብሪ፣ አንዲት በግ ናት ብዬ ዓይኔን ብጨፍን፣ ነገ ሌላ ቤት ሁለት ይሆናሉ። ከዚያ ቁጥሩን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ምልክቱን አይታ ሹራብ የምትገዛው ሴት የእኔን ዓይን ነው የምታምነው። ሌላ የምታምንበት የላትም።»

«ጨፍኚልኝ አላልኩሽም እኮ።»

«አላሉኝም። ለዚህ ነው የከበደኝ።»

ከዚያ ጃሲንታ የሚሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ዘንድሮ ሰርተፊኬት የለም። ዓመት ቆይተው እንደገና መጠየቅ ይችላሉ፤ ያኔ ግን የምታየው ጥቂት መርጣ ሳይሆን መንጋውን በሙሉ ነው። ለፋብሪካው የምትነግረው ሊኔት ራሷ ብትሆን ይሻላል፤ ከእሷ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

«ዶትስ?» አለች ሊኔት።

«በግ ግደሉ የሚል ደንብ የለም። ምልክት አድርጉባት፣ ሱፏን ከሌሎቹ ለዩት፣ ዕድሜዋን ትኑር።»

አባባ ኦብሪ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጃሲንታ ስትሰናበት እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ራስል በኋላ እንደሚያወራው መኪናዋን ከበሩ ውጭ አቁማ ስታለቅስ አይቷታል። ራስል ግን ብዙ ያወራል።

ሊኔት ሞተሯን አስነሥታ ወደ ጅረቱ መስክ ሄደች። እዚያ ማንም በሌለበት ያላትን ስድብ ሁሉ አወጣችው፤ አባቷን፣ ዝንቡን፣ ዝናቡን፣ ዳሌዋን፣ ራሷን ሰደበች። በጎቹ ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሳራቸው ተመለሱ። ሲበቃት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ለፋብሪካው ደወለች። የሱፍ ግዢ ኃላፊዋ ሴት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አዝና ነበር፤ ሆኖም ዘንድሮ አይገዙም። ሰርተፊኬቱ በእጇ ሲገባ ትደውል፤ ያኔ ይነጋገራሉ፣ ቃል የሚገቡት ግን ነገር የለም። «ሳንጠይቅሽ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ» አለቻት ሴትዮዋ። ሊኔት ስልኩን ከዘጋች በኋላ እዚያው ተቀምጣ በጎቿን እያየች ቆየች። እያንዳንዷን በመልኳ ታውቃታለች፤ ማን ከማን እንደተወለደች ታውቃለች። ይህን መስክ ከዚህ እርሻ ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ሰው አስበልጣ ትወደዋለች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤት ተመለሰች። አባቷን መኝታ ቤታቸው አገኘቻቸው። አሮጌ ሻንጣ አልጋው ላይ ከፍተው ሸሚዞቻቸውን እያጣጠፉ ይከታሉ። ማጣጠፍ አይችሉበትም፤ እናቷ ናት ስታጣጥፍላቸው የኖረችው። እጀጌዎቹ በየጎኑ ተንጠልጥለዋል።

«የአረጋውያን ቤቱ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው ብለሽኝ ነበር?» አሉ ሳያዩዋት።

«እንዲያ ብዬህ አላውቅም።»

«ወደ ምሥራቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጠዋት ፀሐይ ካላየሁ አልነቃም።» አንድ ሸሚዝ ጨመሩ። «ዶትን ራስል ይወስዳታል። ስልክ ደውዬለት ነበር። ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ እንደምትጮኽ ነግሬዋለሁ፤ እንዳይቆጣት።»

ሊኔት ከሻንጣው ጎን አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከላይ ያለውን ሸሚዝ አወጣች፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ በደንብ አጣጠፈችው፣ ተነሥታም መሳቢያው ውስጥ መለሰችው። ሁለተኛውን አወጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የጅረቱን መስክ ለራስል እሸጥለታለሁ።»

አባባ ኦብሪ የያዙት ካልሲ ከእጃቸው ወደቀ። «አብደሻል እንዴ? በጎችሽስ? ያ ሁሉ ዓመት የለፋሽባቸው?»

«የምችለውን ያህል ወደዚህ አመጣለሁ። የቀረውን እሸጣለሁ። ከጥቂቶቹ እንደገና እጀምራለሁ።»

«ሊኔት፣ ያንን መስክ… ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የምሄደውም እኔ ልሁን።»

«ተናድጄብሃለሁ አባዬ» አለች ሸሚዙን እያጣጠፈች። እንባዋ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገችውም። «ዓመቱን ሙሉ ልናደድብህ ነው። በየቀኑ ጠዋት ስትነሣ ተናድጄ ታገኘኛለህ። መስክ እሸጣለሁ። አንተን ግን አልሸጥም።»

«ዓመት እኖራለሁ ብለሽ ነው?» አሉ ሽማግሌው፣ በጣም በቀስታ።

«ትኖራለህ። ግድህ ነው።»

አባባ ኦብሪ ጎንበስ ብለው በሻንጣው ውስጥ የቀረውን ሸሚዝ አወጡና እጇ ላይ አስቀመጡላት።